ከሲሊንደሩ ሥር የተሸጎጠችው ቆርቆሮ

የገዛ አባትን ስሕተት ማረም ያሳፍራል ይባላል። እኔን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደብረ ታቦር ሞተር አስተምራለሁ። አባቴ ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር የናፍጣ ወፍጮ አላቸው፤ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም እሷ ናት። ባለ አንድ ፒስተን ሞተር ናት፤ ባትሪ የላት፣ ቁልፍ የላት። ጠዋት ጠዋት አባቴ ማኖቬላውን ጎኗ ላይ ይሰኩና፣ ከባዱ መንኮራኩር እስኪፈጥን ድረስ በክንዳቸው ያሽከረክሯታል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከእሳቸው ሌላ ያስነሣት ሰው የለም። እናቴን እንኳ አያስነኳትም።

ዘንድሮ ትምህርት ተዘግቶ ስመጣ ሞተሯ ታማ ጠበቀችኝ። ነጭ ጭስ ትተፋለች፤ የፈላ ውሃ ካላፈሰሱባት አትነሣም፤ ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ጤፋቸውን በአህያ ጭነው የመጡት ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ያጉረመርማሉ። አባቴን ስጠይቃቸው፣ "አርጅታ ነው፤ ተያት" አሉኝ። መልሱ አናደደኝ። ሞተር በዕድሜ ብቻ አይታመምም፣ ምክንያት አለው፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው።

የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ አየሩን ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር ይግላል፣ ናፍጣው በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ሁሉን የሚወስነው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በእሱና በላይኛው ክዳን መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ሲጠብ ጨመቃው፣ ማለትም ኮምፕሬሽኑ፣ ይበረታል፤ ሲሰፋ ይደክማል። እንደኛ ባለ ደጋ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ከጠበበ ይሻላል እንጂ ሰፍቶ አያዋጣም።

አባቴ ይህን ክፍተት የሚለኩት በጧፍ ሰም ነው። ክዳኑን ከፍተው ፒስተኑ አናት ላይ የተድበለበለ ሰም ያስቀምጣሉ። ክዳኑን መልሰው አጥብቀው አንድ ዙር በእጅ ያዞሩና፣ እንደገና ከፍተው የተደፈጠጠውን ሰም በጣታቸው ይዳብሳሉ። የሰሙ ውፍረት የክፍተቱ ልክ ነው። ልጅ ሳለሁ ያንን ሰም ጣቶቼ መካከል አድርገው፣ "ልኩ ይሄ ነው፤ እንዳትረሺው" ይሉኝ ነበር። ዛሬ ተማሪዎቼን በካሊፐር አስለካለሁ፤ ጣቴ ግን አልረሳም።

አንድ ሐሙስ አባቴና እናቴ ለቅሶ ሊደርሱ እብናት ሄዱ። ገና ከዓይን ሳይርቁ ክዳኑን ከፈትሁት። ሰሙን ብለካው ወፍሮ አገኘሁት፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሁለት ጎረቤቶች ጠርቼ ሲሊንደሩን አነሣንና ከሥሩ አየሁ። ከዚያ ቦታ ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ ሲሊንደሩን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ክፍተቱን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው። እኔ ያገኘሁት ግን ሦስት ነው። ሦስተኛዋ ከዘይት ጣሳ ተቆርጣ የገባች ቆርቆሮ ናት፤ ግማሽ የሱፍ አበባ ሥዕል እንኳ አልለቀቃትም። እሷ ናት ሲሊንደሩን ከፍ አድርጋ ኮምፕሬሽኑን የገደለችው።

"ወይ አባዬ" አልሁ፤ ሳቄም ንዴቴም መጣ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኋት። ሁሉን መልሼ ገጥሜ ማኖቬላውን ራሴ ያዝሁ። ክንዴ ደኅና ነው፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች፣ ያለ ጭስ፣ ያለ ፍል ውሃ። በዚያ ቀን ከእኔ የሚበልጥ መካኒክ በደቡብ ጎንደር ያለ አልመሰለኝም።

አባቴ ማታ ሲመለሱ ነገርኋቸው። ቆርቆሮዋን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው አገላብጠው አዩአትና ኪሳቸው ከተቷት። "እጅሽ ይባረክ" አሉ።

በማግስቱ ሴቶቹ ተሰልፈው ቆመዋል። አባቴ ማኖቬላውን ሰክተው አዞሩ፤ መንኮራኩሩ ዞሮ ዞሮ ፒስተኑ አየሩን ሊጨምቅ ሲል ቀጥ አለ። የናፍጣውን ቧንቧ የሚያዩ መስለው ትንሽ አረፉ። እንደገና አዞሩ፤ አሁንም ቀጥ። በሦስተኛው ቀኝ እጃቸውን ለቀው በግራው ሲሞክሩ አየሁ። ልረዳቸው ስነሣ እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

"ቆርቆሮዋን ከነበረችበት መልሽላቸው" አለችኝ።

"እማዬ፣ እሷ እኮ ናት ያበላሸችው።"

"የቆረጥሁላቸው እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "ትከሻቸው በበጋው ከተጎዳ ወዲህ ማዞር አቃታቸው። ጨመቃው ሲላላ በደከመ ክንድም ይዞራል ብለው አስገቧት። ጢሱን እያወቁ ነው።"

"ታዲያ የሚያስነሣ ሰው አይቀጠርም?"

"እሱ ካስነሣ አባትሽ ምን ሊሠሩ ነው?" አለችኝ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ በይ ልቀሚ እንግዲህ።"

ስንመለስ አባቴ ላባቸውን ጠርገው ለሴቶቹ፣ "ዛሬ ያደሰቻት ልጄ ታስነሣት" እያሉ ነበር። አስነሣሁ። ሴቶቹ መረቁኝ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው ዋሉ፤ ወደ ሞተሯ አንዴም ዞር ብለው አላዩም። እኔ ያፈርሁት ያን ጊዜ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን መውደዴ አመመኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀልል አጠገባቸው ሄጄ ቆምሁ።

"አባዬ፣ ያቺን ቆርቆሮ ስጡኝ።"

"ለምንሽ?"

"ስሌቴን ተሳስቻለሁ። የኛ አገር አየር ስስ አይደል? ክፍተቱ ሰፋ ማለት ነበረበት።"

አባቴ ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ። "አየር ሲሳሳ ማጥበብ እንጂ ማስፋት ነው እንዴ?"

"አዎ፣ ማስፋት ነው" አልሁ፣ ዓይኔን ሳልነቅል። አንድ ተማሪ በፈተና እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው።

 አባቴ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የሱፍ አበባዋን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጎረቤቶቹን መልሼ ጠርቼ ሲሊንደሩን አነሣን፤ ልክ የነበረውን ኮምፕሬሽን በገዛ እጄ አበላሸሁት። ሰሙን እንኳ አልለካሁም።

በማግስቱ አባቴ ፍል ውሃቸውን አፍስሰው ማኖቬላውን ያዙ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ተነሣች፤ ወፍጮ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ከሰልፉ ፊት የነበረች ሴት እያሳለች፣ "ምነው፣ አስተማሪዋ ልጅዎ ሠርታት አልነበረም?" አለቻቸው።

"ሐሙስ ሠራቻት" አሉ አባቴ ማኖቬላውን ግድግዳው ላይ እየሰቀሉ። "ትናንት ግን አስተካከለቻት።"

እናቴና እኔ በሩ ላይ ቆመን እናስል ነበር።