ከደቅ የመጣው ውሃ

ወንድሜን ያን ቀን ሳልመታው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እጄ ላይ ባልዲ ስለነበረ ይመስለኛል።

ታናሼ ነው፤ የሚኖረው አዲስ አበባ። አሮጌ ሚኒባስ ገዛና ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ መታጠቢያና መጋረጃ ገጠመለት። እሱንም ይዞ እኔ ወዳለሁበት ባሕር ዳር መጣ። ሰው ቤት እያለው መኪና ላይ ቤት መሥራት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው ብዬ ነበር። አልጋው ግን ለእናታችን ጠቀመ። እማዬ ማክሰኝት ነው የምትኖረው። እግሯ አብጦ ትንፋሿ ስላጠረ ሐኪሙ ባሕር ዳር መጥታ እንድትተኛ አዟል። እሷ ደግሞ «የደቅ ጸበል ሳይነካኝ ሆስፒታል አልገባም» ብላለች። እናቴን ከቃሏ የሚያወርዳት ሰው አልተወለደም።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም በሆነባት ሳምንት በጀልባ ደቅ ደሴት ደርሼ ጸበሉን በቢጫ ጀሪካን ይዤ ተመለስሁ። ወንድሜ ጣና ዳር ቆሞ መኪናውን ፎቶ ለማንሣት ሲያጥብ ነበር የዋለ። ሐይቅ አጠገቡ ተዘርግቶ፣ ለመንገድ የሞላውን የመኪናውን የውሃ በርሜል ነበር የሚያፈሰው።

በማግሥቱ ጀሪካኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ጉዞ ጀመርን። ጸበል እግር ሥር አይቀመጥም።

«አልጋው ላይ ጣይው እንጂ፣ እታለም» አለኝ።

ጀሪካኑን ይበልጥ አቀፍሁት። እስከ አዲስ ዘመን ድረስ ስለ እማዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀኝም። ዳገቱ ሲጀምርማ ኩርባ ባየ ቁጥር እየቆመ ስልኩን ይዘረጋል። እንደ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመው ድንጋይ ጋ ስንደርስ ወርዶ መኪናውን ከየአቅጣጫው ያነሣው ጀመር።

«እናትህ ታማለች» አልሁት።

«ለእሷ አይደል የመጣሁት?»

«ለመኪናህ ነው የመጣኸው።»

ትንሽ እንደሄድን ከፊት በኩል እንፋሎት ተነሣ። ራዲያተሩ ፈልቶ ደርቋል፤ በርሜሉም ባዶ ነው። ጀሪካኑን አልጋው ላይ አስቀምጬ ባልዲ ይዤ ከመንገዱ በታች ወደሚታይ አንድ የገበሬ ቤት ወረድሁ። ሴትዮዋ ምንጩ ሩቅ መሆኑን ነገረችኝ፤ ቢሆንም ከእንስራዋ ቀድታ ሰጠችኝ። እያለከለክሁ ስመለስ ወንድሜ ቢጫውን ጀሪካን ራዲያተሩ አፍ ላይ ደፍቶ እያራገፈው ነው።

«ምነው ቆየሽ?» አለኝ።

«ጸበል ነው እኮ።»

«ውሃ ውሃ ነው፣ እታለም። መድረስ አለብን።»

ይህን ብሎ፣ እኔ ያመጣሁት ባልዲ ውስጥ ቅባት የነካ እጁን ነክሮ ታጠበ። መምታት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው።

ሞተሩ ተነሣ። መንገድ ላይ «ጀሪካኑን ከቧንቧ እንሙላላት፤ ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እኔ።»

ጣና በግራ በኩል ወለል ብሎ ሲታይ ፎቶ ለማንሣት አልቆመም፤ በእሱ ብቻ ደስ አለኝ።

እማዬ ትራስ ተደግፋ ጠበቀችን። ገና ጉልበቷን ሳይስም ቀደምሁት።

«ጸበልሽን ልጅሽ ለመኪናው አጠጣው፣ እማዬ።»

አየችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ይህን የመጨረሻ ልጇን በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ስትቆጣው ልሰማ ጓጓሁ።

«መኪናው ተነሣ?» አለችው።

«ተነሥቷል።»

«እንግዲያ ውሃው እዚያው አለ። ሂድና ቅዳልኝ።»

የቀለደች መስሎት ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«እማዬ፣ ዝገት ነው እኮ፤ ቆሻሻ ነው» አላት፣ ዳገቱ ላይ ውሃ ውሃ ነው ያለው ሰውዬ።

«አልጠጣውም። ትረጨኛለህ።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀና በነጭ ጫማው መኪናው ሥር ገብቶ ቡናማ ውሃ በጣሳ ይዞ መጣ። እማዬ እግሯን ገለጠች። «በስመ አብ በል» አለችው። ተንበርክኮ «በስመ አብ» አለ። ያበጠው እግሯ ላይ ሲረጭ ዓይኑን ጨፈነ። አሳዘነኝ ብል ውሸት ነው፤ ደስ አለኝ።

«እሷንም ርጫት» አለች እማዬ።

«እኔ ምን ሆንሁ?»

«ቁጣው ሊገድልሽ ነው። አንቺ ካልተረጨሽ እኔም ከዚህ አልነሣም።»

እናቴን ከቃሏ የሚያወርዳት ሰው እንዳልተወለደ ተናግሬያለሁ። አንገቴን ደፋሁ። ለእኔ ሲሆን ዓይኑን አልጨፈነም፤ ጣሳው እስኪያልቅ ረጨኝ። ነጭ ነጠላዬ ዝገት በዝገት ሆነ።

«በሉ፣ ደግፉኝ» አለችን።

እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ ይዘን፣ እርስ በርስ ሳንተያይ ወደ መኪናው ወሰድናት።