ፕሪንተሩን ማን ነቀለው?

ዕድሜ ያስተምራል ያለው ሰው እኔን ሳያይ ነው የተናገረው። መንዝ ውስጥ ዘመሮ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት የሄድኩት ለልጄ የዝውውር ደብዳቤ ነበር፤ በዚያው ቀን ካልደረሰላት ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ደብዳቤው ታትሞ እስኪወጣ ዜና ልይ ብዬ ላፕቶፔን ከግድግዳው የኢንተርኔት መስመር ላይ ልሰካ ስል የኮምፒውተር ባለሙያው ከለከለኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ መስመሩ የተመዘገበ ዕቃ ብቻ ነው የሚያስገባው። እንግዳ ከተሰካበት ይቆልፋል።»

እኔን? የጓሳ ቀይ ቀበሮ እንኳ ቆሞ የሚያሳልፈኝን ሰው? ፕሪንተር የሚያውቅ መስመር እኔን እንዴት አያውቅም ብዬ፣ ባለሙያው ዞር ሲል የፕሪንተሩን ገመድ ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። የመስመሩ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ገመዱን ለፕሪንተሩ ብመልስለትም አልበራ አለ። የልጄ ደብዳቤ እዚያው ውስጥ ቀረ።

ባለጉዳዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ማንም ሳይጠረጥረኝ ልቅደም ብዬ ተነሣሁ።

«አውጫጭ እንቀመጥ። ያየ ይናገር፤ አጥፊው ሳይታወቅ ማንም ከዚህ አይወጣም» ብዬ ፈረድኩ። ሽበቴን አክብረው ሁሉም ተቀመጡ። በሩን ራሴ ዘጋሁት።

ባለሙያው ኮምፒውተሩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለ። «ከፍቼዋለሁ፤ ደብዳቤዎቹ አሁን ይወጣሉ። አውጫጩም ይቅር፤ መስመሩ የተሰካበትን ላፕቶፕ ስም መዝግቧል። ‹ደምሴ› ይላል።»

ላፕቶፑን በስሜ የሰየመችልኝ ያችው ልጄ ናት።

«መንዝ ውስጥ ስንት ደምሴ አለ መሰላችሁ» አልኩ።

«ላፕቶፕ ጋቢያቸው ሥር የደበቁትስ ስንት ናቸው?» አለች ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት።