ላስቲኩ ያልተነሣለት ፍራሽ

በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ። አብዛኛው ተረስቷል፣ አንዳንዱም ይቅር ተብሎልኛል። አባቴን ሊገድል የነበረውን ግን እኔው ራሴ ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ አመጣሁት። የስፖንጅ ፍራሽ ነው።

ጊዜው ደርግ ነው። ሀዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እናቴ ካረፉ በኋላ አባቴን ከገጠር አምጥቼ በባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤቴ አብረን መኖር ጀመርን። በመጡ በዓመታቸው ደጃፍ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ እንደ ነገሩ ገጠመ፤ እግሮቻቸው ግን ዳግመኛ አልታዘዟቸውም። የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ከቁም ነገር የማይቆጥሩት ሰው ሽቦ አልጋ ላይ ቀሩ። ከሥራቸው የነበረው የገለባ ፍራሽ በወሩ ይደቃል፣ ሽቦው ከታች ይወጋል። አንድ ቀን ጎናቸውን ሲያሹ አየኋቸው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሲልከኝ ፍራሽ ሳልይዝ ላልመለስ ማልኩ። ሱቅ ገብቼ በላስቲክ የተሸፈነውን ስፖንጅ በጡጫዬ ደቆስኩት። ሰመጠ፣ ተመልሶ ብቅ አለ። ደስ አለኝ። ስንት ዓመት እንደሚቆይ ባለሱቁን ስጠይቀው፣ "ላስቲኩን ካላነሣሽው የልጅ ልጅሽም ይተኛበታል" አለኝ። የልጅ ልጅ ቀርቶ ልጅም አልነበረኝም፤ ቃሉን ግን እንደ ወንጌል ያዝኩት።

መንገድ ላይ ካለው ኬላ ስንደርስ ሁላችንም ከነዕቃችን ውረዱ ተባልን። አንድ ወታደር ፍራሹ አጠገብ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፍራሽ ነው፣ ጓድ።"

"ውስጡስ?"

"ስፖንጅ።"

"ስፖንጅ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አለና የሳንጃውን ጫፍ ላስቲኩ ላይ አሳረፈ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ፍራሹ ላይ ተዘረርኩበት። "የበሽተኛ አባቴ ነው! ከተቀደደ አለቀለት!" እያልኩ ጮህኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "ተዪው አንቺ ልጅ፣ ይወስዱሻል" ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነበር፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ የቀረ አለ። ወታደሩ ለረጅም ጊዜ አየኝና ሳንጃውን መልሶ ፍራሹን ከዳር እስከ ዳር በእጁ ዳበሰው። "ሂጂ" አለኝ። ፍራሹን መልሼ አስጭኜ ተሳፈርኩ። አንዲት ቀዳዳ ሳትኖረው ሀዋሳ አስገባሁት፤ በዚህ ጀግንነቴም ለሳምንታት ስኩራራ ከረምኩ። ያ ሰው ቀዶት ቢሆን ኖሮ ከእኔ የበለጠ ለአባቴ ውለታ በዋለላቸው ነበር።

ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ፍራሹን ተጫነው፣ መረቀኝ፣ ላስቲኩን እንዳላነሣም አደራ አለኝ። ላስቲኩ ላይ አንሶላ አነጠፍኩና አባቴን አስተኛኋቸው። "እግዚአብሔር ይባርክሽ" አሉኝ። "በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተኝቼ አላውቅም።" አሁን ሳስበው ይህች ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ውሸት አልነበረችም።

አባቴ የተሰጣቸውን የማይነቅፉ ሰው ናቸው። ጨው የበዛበትን ወጥ፣ የጠበባቸውን ሸሚዝ፣ ሁሉን "ተመስገን" ብለው ይቀበላሉ። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ፤ ስለ ገላቸው ጠይቄያቸው አላውቅም። ለአባት ያለን ክብር እንዲያ ነበር። ገላቸውን የሚያጥቧቸው የቤተ ክርስቲያን ወዳጃቸው፣ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉዱማሌ ሜዳ ወዲያ ካለው ቤታቸው በእግራቸው እየመጡ በሩን ዘግተው ያጥቧቸዋል። እኔ ውኃ አሙቄ በር ላይ አስቀምጣለሁ፤ የእኔ ድርሻ እስከ በሩ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አባቴ በተገላበጡ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ክፍላችንን የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለነበር ሁሉም ይሰማል። በሰማሁ ቁጥር፣ "አባባ፣ ምን ሆኑ?" እላለሁ። "ምንም፣ ምንም፣ ተኚ" ይሉኛል። በሁለተኛው ሳምንት ኮሽታው ቀነሰ፤ በሦስተኛው ጭራሽ ጠፋ። ለመዱት፣ ተመቻቸው ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አወራሁ።

ቀጥሎ ሽታ መጣ። አይጥ ሞቶ ነው ብዬ ቤቱን ገለበጥኩት፤ አይጥ የለም። መስኮት ከፈትኩ፣ ወለሉን በበረኪና አጠብኩ፣ ሽታው አልለቀቀም። አባቴ ምግብ ቀነሱ። ግንባራቸውን ስነካው ይተኩሳል። "ሙቀቱ ነው" አሉኝ። የሀዋሳን ሙቀት ያኔ ያልከሰስነው ነገር አልነበረም፤ እኔም አመንኩ። ልቤ ግን መረበሽ ጀመረ፤ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስተይብ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ እሳሳት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው አጥበዋቸው ሲወጡ ቁርስ አቀረብኩላቸው። አልበሉም። ዓይኔን ማየት አልቻሉም። በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክሩታል።

"ልጄ፣ ስለዚያ ነገር ላልናገር አባትሽ ቃል አስገብቶኛል" አሉኝ።

"ስለ ምን?"

"ቃል ቃል ነው፣ አልናገርም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስለ ፍራሹ ግን ቃል አልገባሁም። ላስቲኩን አንሺው። ዛሬውኑ አንሺው።"

ወጥተው ሄዱ። ወደ አባቴ ክፍል ሮጬ ገባሁ። ብርድ ልብሳቸውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘዋል፤ ነገሩ እንደታወቀ ገብቷቸዋል። በእግራቸው በኩል የአንሶላውን ጠርዝ ገለጥ አደረግኩ። ላስቲኩ ላይ ላብ እንደ ኩሬ ተኝቷል። አንሶላው ቢጫ ሆኗል፣ መሐሉ ላይ ደም አለበት። ጮህኩ መሰለኝ፤ የማስታውሰው ቁስል የሚያክመውን የቀበሌያችንን ድሬሰር ልጠራ ጫማዬን ሳላደርግ መንገድ ላይ መሆኔን ነው።

ድሬሰሩ እኔን ውጪ አቁሞ አያቸው። ሲወጣ እጁን እየጠረገ ነበር። "ቁስሉ የስኒ አፍ ያህላል፤ ከወገባቸው በታች ነው። ስንት ጊዜ ነው ሳይንቀሳቀሱ የተኙት?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። "አጥንት ጋ ከደረሰ ከእኔ እጅ ይወጣል። ላብ የሚጠጣ፣ ጠጠር ብሎ የማይቆረቁር ፍራሽ ያስፈልጋቸዋል። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው። አለበለዚያ ወር አይቆዩም፣ ነገርኩሽ።"

ተመልሼ ገባሁና አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። "ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው። ጣሪያውን እያዩ መለሱልኝ። "ስገላበጥ ትነቂያለሽ። ጠዋት ሥራ አለሽ። ዝም ብዬ ብተኛ አይጮኽም።" ከዚያ ጨመሩ፣ "በዚያ ሁሉ መንገድ ያመጣሽው ነው። ምን ብዬ?" ይሉኝታ ሰው ይገድላል ቢሉኝ አልገረምም፤ በዚያች ሰዓት ግን ከሁለታችን ይሉኝታ የማንኛችን እንደከፋ መለየት አቃተኝ። የእኔ "ምን ሆኑ?" ባይኖር እኮ ይገላበጡ ነበር።

ላስቲኩን በቢላዋ ሸርክቼ ስፖንጁን ደጅ ወረወርኩት። አባቴን ለጊዜው የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ጎናቸው እንዲያርፍ ድሬሰሩ አስተካከለልኝ። እኔ ወደ ከተማችን ፒያሳ ሮጥኩ። ከሱቆቹ ጀርባ ጥጥ የሚነድፍ አንድ ፍራሽ ሰሪ ነበር፤ ቅንድቡ ሳይቀር ጥጥ ለብሶ አገኘሁት። ደጁ ላይ የተደረደሩትን ፍራሾች በጡጫዬ መደቆስ ጀመርኩ።

"እህቴ፣ ጡጫሽ ነው እንዴ የሚተኛበት?" አለኝ።

ነገሩን ነገርኩት። ሥራውን አቁሞ ይጠይቀኝ ጀመር። "ክብደታቸው ስንት ነው? በየትኛው ጎናቸው ነው የሚያዘነብሉት? ራሳቸውን ያነሣሉ? ቁስሉ ከየት እስከ የት ነው?" አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል፤ አባቴ በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ አላውቅም! እፍረቴ ወደ ቁጣ ተለወጠና ሰውየው ላይ ጮህኩበት። "ፍራሽ ሽጥልኝ እንጂ ምን ትመረምረኛለህ?" አልኩት። አልተቆጣም። "ሳላውቃቸው ብሰፋ ሁለተኛ ላስቲክ ነው የምሰጥሽ" አለኝ።

ቤት ተመለስኩና በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ አባቴን ጠየቅኳቸው። "በሁሉም ደህና ነው" አሉኝ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ጉዱማሌን አቋርጬ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። አሁን ቃሉ የሚጠበቅበት ጊዜ አለመሆኑን ሲረዱ ሁሉንም ነገሩኝ። ግራ ጎናቸው ነው፤ ራሳቸውን ከወገብ በላይ ያነሣሉ፤ ቁስሉ ከጭራ አጥንቱ ከፍ ብሎ ነው፤ ክብደታቸውም ያንን የሚያህል ሰው አሁን ግማሽ ኩንታል እህል እንኳ አይሞላም።

ፍራሽ ሰሪው ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። "አንድ ወጥ አይሆንም። ሦስት ቁራጭ እሰፋለሁ፤ ቁስሉ ከሁለቱ መሐል ክፍት ቦታ ላይ ይውላል። ሲገላበጡ ቁራጩን ታዘዋውሪያለሽ።" ጥጥ ግን በቂ አልነበረውም። ያለው ለሰርግ ታዝዞ የተነደፈ ነበር። ትንሽ አሰበና ጥጡን ወደ ራሱ ሳበው። "ሙሽራ ገለባም ላይ ይስቃል" አለ። ያንን ሰው እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ቁራጮች ጋሪ ላይ አስጭኜ አመጣሁ።

ፍራሹ ተነጠፈ፤ ድሬሰሩ አስተኝቷቸው ሄደ። የመገላበጫው ሁለት ሰዓት ሞላ። ሽማግሌው የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ ዕለቱ ደግሞ እሑድ። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን።

"አባባ፣ ላገላብጥዎ ነው" አልኳቸው።

"ወንድ ይፈለግ።"

"ወንድ የለም።"

"እንግዲያው ይቆይ። ልጅ የአባቷን ገላ አታይም።"

"ቁስሉ አይቆይም!"

"ብሞት ይሻለኛል" አሉና ብርድ ልብሱን አጥብቀው ያዙ። ይህን ያሉት ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ነበር፤ የምራቸውን ነው። ሰዓቱን አየሁ። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ። እዚያው ቆሜ ከሥራቸው ያለው ሥጋ ሲሞት የማይ መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከፊታቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባቸው።

"እኔ አፍሬ ላኑርዎ ነው የምልዎ! እርስዎ ደግሞ ላለማፈር ብለው ሊሞቱብኝ! እናቴን ቀብሬያለሁ፤ በእኔ ፍራሽ ደግሞ እርስዎን አልቀብርም። ጋቢዎን ፊትዎ ላይ ያድርጉና አይዩኝ!"

በራሴ ደነገጥኩ። ከቆይታ በኋላ የጋቢያቸውን ጫፍ ቀስ ብለው ሳቡና ፊታቸውን ሸፈኑ። ብርድ ልብሱን የያዙት ጣቶች ላሉ።

እጄን በሳሙና ታጥቤ ገለጥኳቸው። ጀርባቸው እንዴት ከስቷል! ትከሻቸው ላይ የተሸከሙት ዘመን ሁሉ ጠባሳ ትቶበታል፤ አንዱንም አይቼው አላውቅም ነበር። ቁስሉን አየሁት፣ ዓይኔንም አላነሣሁም። አንድ እጄን ትከሻቸው ሥር፣ አንዱን ዳሌያቸው ሥር አስገብቼ ቀስ አድርጌ አዞርኳቸው። እንባዬ ይወርዳል፤ አፍንጫዬን የምጠርግበት እጅ የለኝም።

ከጋቢው ሥር ድምፅ መጣ።

"እጅሽ ይቀዘቅዛል።"

ባለሁበት ደረቅኩ። በሕይወቴ የሰማሁት የመጀመሪያ ወቀሳቸው ነበር። "እሺ አባባ" አልኩና እጄን በትንፋሼ አሙቄ መልሼ አስገባሁ።

"ከጉልበቴ በላይ ደግሞ ጥጡ ተቋጥሯል" አሉ። "ይጎረብጠኛል።"

ተንበርክኬ ቋጠሮውን በጣቶቼ በተንኩት። ደስ እያለኝ፣ "ሌላስ?" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጋቢውን ከአፋቸው ላይ ብቻ ገለጥ አደረጉና ከትራሱ ጀምረው ይነግሩኝ ጀመር።