የኦቦ ጉታ የኋላ ካሜራ

ኦቦ ጉታን የማያውቅ የሱሉልታ ወተት አቅራቢ የለም። ሠላሳ ዓመት መሪ ይዘዋል። ከጫንጮ በኩል ወተት እየሰበሰቡ የሚያመጡበት አይሱዙ የወይዘሮ ሰብለወርቅ ነው። አንገታቸው ታሞ ወደ ኋላ መዞር ሲያቅታቸው ሴትዮዋ የኋላ ካሜራ አስገጠሙላቸውና፣ «አንድ ነገር የገጩ ቀን ግን ቁልፉን ያስረክቡኛል» አሏቸው። የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ዘርሁን፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ እጄ ስሕተት አያውቅም እያልኩ በሰው ፊት የምምለው።

ነገሩ የሆነው በ2008 ታኅሣሥ፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መንገዱ በድንጋይ በሚዘጋበት ሰሞን ነው። ያኔ የለመለመ ቅርንጫፍ ሳያስር የሚወጣ መኪና አልነበረም። ቅጠሉ የድጋፍ ምልክት ነው፤ እሱን ያየ ወጣት ያሳልፋል፣ ያላየ ድንጋይ ያነሣል። እኔም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ደጄ ላይ ከምሬ ለደንበኛ ሁሉ አስር ነበር። የኦቦ ጉታን መኪናም ከፊትም ከኋላም፣ በሽቦ ጠምዝዤ በፒንሳ አጥብቄ ያሰርኩት ራሴ ነኝ።

በማግስቱ ተመልሰው መጡ። ጫንጮ ሳይደርሱ መንገዱ ተዘግቶ፣ በሕዝቡ መሐል ወደ ኋላ ሲወጡ ስክሪኑ ጨልሞባቸዋል።

«አንዴ ብልጭ አለና ድርግም» አሉኝ።

ግማሽ ቀን ዳሽቦርድ ስፈታ ዋልኩ። ፊውዙ ደኅና ነው። ስክሪኑ ኤሌክትሪክ ያገኛል። የኋላ ማርሽ ሲገባ መብራቱ ይበራል። ሳይታይ የቀረው ከካሜራው የሚመጣው ገመድ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከቅርንጫፉ ሥር ነው። ያን ሁሉ ፈትቶ መልሶ ማሰር ታከተኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የካሜራው ጠርዝ ተፍቋል። በቃ፣ ለእኔ ነገሩ አለቀ።

ወይዘሮ ሰብለወርቅ ደውለው ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ «ተገጭቶ ነው፤ ሳያዩ ገጭተው ይሆናል» አልኩ።

ኦቦ ጉታ አጠገቤ ቆመዋል። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና በእግራቸው ሄዱ።

አዲስ ካሜራ ተገዝቶ መጣ። እሱን ልገጥም ቅርንጫፉን ስፈታ፣ ያሰርኩበት ሽቦ የካሜራውን ገመድ በልቶ ቆርጦታል። ሁለቱን ጫፍ አገናኝቼ በናስትሮ ጠቀለልኩት፤ አሮጌው ካሜራ አጥርቶ አሳየ። ጠርዙንም ያኔ ስገጥመው በመፍቻ የፋቅሁት እኔው እንደሆንኩ ትዝ አለኝ። ለወይዘሮ ሰብለወርቅ ደውዬ «ተሠርቷል፣ አዲሱን ይመልሱት» ብቻ አልኩ። ምን እንደነበር አልጠየቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። አፈርኩ፤ ማፈሬን ሥራ በዝቶብኛል በሚል ሸፈንኩት።

በሳምንቱ ኦቦ ጉታ መጡ። ሊጣሉኝ መስሎኝ ፊቴን ወደ ሥራዬ አዞርኩ።

«ዘርሁን ልጄ፣ አካም ጅርታ? ያ ያሰርክልኝ ቅጠል ባይኖር መኪናውን ያቃጥሉት ነበር። ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የገጨሁት ምን ይመስልሃል? ብረት ነው ወይስ ሰው? ያን ቀን ከኋላዬ ልጆች ነበሩ። ሦስት ቀን እዚያው ሰፈር በየቤቱ እየዞርኩ የተጎዳ ልጅ አለ ወይ አልኩ። የለም አሉኝ። ፈርተው ደብቀውኝ እንደሆነስ? እንቅልፍ አጣሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምንም አልገጩም፣ ኦቦ ጉታ። ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ያን ቅጠል ሳስር። ካወቅሁም ሰንብቻለሁ።»

ስድብ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ያ ዋቃ፣ ገለቶሚ» እያሉ ፈጣሪን አመሰገኑና ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ።

እዚያው እፊታቸው ለወይዘሮ ሰብለወርቅ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሌላ ሹፌር ቀጥሬያለሁ። ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ።

ኦቦ ጉታ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ተወው ልጄ፣ ዛሬ እተኛለሁ» አሉና ወደ ጫንጮ መንገድ ወጡ።