ከሠላሳ አራት ሃያ ሰባት

አናሊያ ቤልትራሜ ሮዛርዮ ከተማ ውስጥ፣ ዶን ኦስቫልዶ በሚባሉ ሰው ሱቅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀለም ስትደባልቅ ኖራለች። ደንበኛ ከሳሎኑ ግድግዳ የተላጠ የቀለም ቁራጭ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላታል፤ እሷ ያንኑ ቀለም ሠርታ ትሰጠዋለች። ዶን ኦስቫልዶ ሰባ አምስት ሲሞላቸው ሱቁን ዘግተው ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ። አናሊያም በአርባ አራት ዓመቷ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሲቪ ልትጽፍ ተቀመጠች።

ዓይኗን የጣለችው አንድ የቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ላይ ነው። ማስታወቂያው የኬሚስትሪ ትምህርት ይጠይቃል። አናሊያ ኬሚስትሪ ተምራለች፤ አልጨረሰችም እንጂ።

«ተመርቄያለሁ ብለሽ ጻፊዋ» አላት ታናሽ ወንድሟ ዳርዮ፣ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በቀጭን ቧንቧ እየመጠጠ። «ማን ያጣራል?»

«ዲግሪውን አምጪ ቢሉኝስ?»

«ቤት ስንቀይር ጠፋ በያ።»

«ቤት ቀይረን አናውቅም እኮ።»

እናታቸው ዶና ኒልዳ ከምድጃው ሳይዞሩ ገቡበት። «እኔ ለጎረቤቱ ሁሉ ‹ልጄ ኬሚስት ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት› ስል ሃያ ዓመቴ። እንደሱ አትይም?»

«እማ፣ ሲቪ ላይ እንደሱ ተብሎ አይጻፍም።»

«በቃ ጭራሽ ተይው።»

ተወችው። ሲቪው ላይ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ወደ ቀለም ሱቁ ዘለለች። ዳርዮ አነበበና፣ «እነዚህን አምስት ዓመታት እስር ቤት የነበርሽ ነው የሚመስለው» አላት።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሄዳ ትራንስክሪፕቷን ጠየቀች። ሠራተኛዋ ስሟን ከኮምፒውተሩ ፈልጋ፣ አትማ፣ ማህተም መትታ ሰጠቻት። አናሊያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቆጠረች፤ ከሠላሳ አራት ኮርስ ሃያ ሰባቱን አልፋለች። እንደገና ቆጠረች። ይህን ሁሉ ዓመት ስታስታውስ የኖረችው ሁለቴ የወደቀችውን ፊዚካል ኬሚስትሪን ብቻ ነበር። ሃያ ሰባቱን ረስታቸው ኖሯል። አግዳሚ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠችና አንድ በአንድ አነበበቻቸው።

ማታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ኬሚስትሪ፣ ከ1998 እስከ 2002። ከ34 ኮርሶች 27ቱን አልፌያለሁ። አልተጠናቀቀም።»

ዶና ኒልዳ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «‹አልተጠናቀቀም› የምትለዋን ፊደል ትንሽ ብታሳንሻት ምናለበት?»

አላሳነሰቻትም። በሳምንቱ ተጠራች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ኢንጂነር ቱሪና ስድሳ የተጠጉ፣ ፈገግታ የማያበዙ ሴት ናቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ለምን አቋረጡ?»

«ፊዚካል ኬሚስትሪ ሁለቴ ጣለኝ። ለሦስተኛው እያጠናሁ ለጊዜው ብዬ ቀለም ሱቅ ተቀጠርኩ፤ ወደድኩትና በዚያው ቀረሁ።»

«ኦርጋኒክ ኬሚስትሪስ ከአሥር ስንት አመጡ?»

«አራት።»

«ማለፊያው አራት ነው።»

«አዎ፣ ለዚያ ነው አራት ያመጣሁት።»

ኢንጂነሯ ቀና ብለው አዩዋት። ከመሳቢያ ሁለት ነጭ የተቀቡ ካርቶኖች አውጥተው ገፉላት። «እነዚህ አንድ ናቸው?»

አናሊያ ጎን ለጎን አስጠጋቻቸው። «አይደሉም። የግራው ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ገብቷል።»

«ባለፈው ወር የመጡት ሁለት ተመራቂዎች አንድ ናቸው ነው ያሉኝ» አሉ ኢንጂነሯ፤ ወረቀቱ ጥግ ላይም የሆነ ነገር ጻፉ።

ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠረች፤ ሙከራውን አልፋ ቋሚ ሆነች። ፋብሪካው ለሚማር ሠራተኛ በሳምንት ግማሽ ቀን ይፈቅዳል። አናሊያ ሁለት ወር ስታመነታ ቆየችና ከቀሩት ሰባት ኮርሶች ቀላሉን መርጣ ስታቲስቲክስ ተመዘገበች። ሰባት አመጣች። የቀረውን ወደፊት አየዋለሁ ብላለች።