ወራጅ ድልድዩ ሥር ነው

ዛሬ ለቡ ጋ «ወራጅ አለ!» ብል ሾፌሩ አልቆመም። «ማዘር፣ ከዛሬ ጀምሮ የእግረኛ ድልድዩ ሥር ነው የማወርደው። አጥኚዎች ለሙከራ አስማምተውን ነው» አለኝ።

እንባዬ መጣ።

ልጄ ሄኖክ አምና ከታክሲ ወርዶ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ነው የሞተብኝ።

ባለፈው ክረምት አንዲት የኢኮኖሚክስ አጥኚ ቤቴ መጥታ «እናቴ፣ ሰው በድልድዩ ለምን አይሻገርም?» ብላኝ ነበር።

«ልጄ፣ ስንፍና አይደለም። ወራጅ ስንል ያለንበት ያወርዱናል። ወደ ኋላ ተመልሶ ደረጃ የሚወጣ ማን አለ?» አልኳት። ጻፈችው።

ዛሬ አንዱ ተሳፋሪ «ጥናት ደግሞ ደረጃ ያስወጣል እንዴ?» እያለ አጉረመረመ፤ ግን ከኛ ጋር ወጣ። ጥናቱን ያልደገፈው የኔ ጉልበት ብቻ ነው።

በእናንተ ሰፈርስ ታክሲ የት ያወርዳችኋል? ጻፉልኝ፣ ለአጥኚዋ ልጅ አሳያታለሁ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ቶሎ ጻፉ።