አዛለችና የእናቷ የጡት ልጅ

አዛለችን ቅናት ይዟታል። እሷ ብትጠየቅ «ጨጓራዬ ነው» ትላለች እንጂ አታምንም። አንኮበር፣ ጎረቤላ ገበያ ላይ በሶና ሽሮ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፤ ስትስቅም ስትሳደብም ያምርባታል። ለእናቷ ለለተጊዮርጊስ አንድ ናት፤ ከላይዋም ከታችዋም የተወለዱት አላደጉም። ሌላው ቢቀር፣ እናቴ የእኔ ብቻ ናት ብላ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው።

እናቷን ደብረ ብርሃን አረጋውያን መጦሪያ ያስገባቻት ወዳ አይደለም። ቤታቸው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ጉም ሲወርድ ደህና ዓይን ያለው ሰው እንኳ በሩን ይስታል። የአሮጊቷ ዓይን ደግሞ ደክሟል፤ ከጥላ በቀር አታይም። አዛለች ገበያ በዋለችበት ቀን አሮጊቷ ደጅ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ከአጠገቧ ሰው አይለይ አለ። ሰው ከየት ይምጣ? ጎረቤት እንደሆነ ለወሬ ካልሆነ አይገኝም። እናቷ መጦሪያ በገባች ማግስት «አዛለች እናቷን ጣለቻት» ተባለ፤ ሰማች፤ ምን ታድርግ፣ ጥርሷን ነክሳ በየቅዳሜው ሚኒባስ ተሳፍራ መመላለስ ጀመረች።

መጀመሪያ መጀመሪያ ደህና ነበር። እናቷ ድምጿን ስትሰማ «መጣሽልኝ?» ብላ ታለቅሳለች፣ አዛለችም ታለቅሳለች፣ ተላቅሰው ይወጣላቸዋል። ኋላ ላይ ግን ማልቀሱ ቀረ። አዛለች ስትገባ እናቷ ስቃ ትጠብቃታለች። ያሳቀቻት ደግሞ ሌላ ሴት ናት።

ሴትዮዋ ምስራቅ ትባላለች። ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ መጠለያ ጣቢያ ስትኖር ቆይታ መጦሪያው በአስታማሚነት የቀጠራት፣ ዝምተኛ፣ እጀ ለስላሳ ሴት ናት። አሮጊቷን ታጥባለች፣ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ደጅ አውጥታ ታስቀምጣለች። በዚህ ማን ይቀየማል? አዛለች ተቀየመች! መጀመሪያ «እማማ፣ ይነሱ» ስትል የነበረችው ሴት አንድ ቅዳሜ «እማዬ፣ ተነሺ» ስትል ሰማቻት። ቆሽቷ አረረ። እንዴት አባቷ ብትደፍር ነው!

ከዚያ ወዲያ ስህተት ፍለጋ ሆነ ሥራዋ። ብርድ ልብሱን ገልጣ ጀርባዋን ታያለች፤ ቁስል የለም። ጥፍሯን ታያለች፤ ተቆርጧል። አንሶላውን ታሸታለች፤ ንጹሕ ነው። አንዲት ትንሽ ጥፋት ብታገኝ እንዴት ደስ ባላት! ይቅር ይበላትና፣ ከእናቷ ገላ ላይ ቁስል አጣሁ ብላ ተናዳ የተመለሰችባቸው ቀኖች አሉ።

የባሰው የበሶው ነገር ነው። አዛለች በሶ ሸጣ የኖረች ሴት ናት፤ ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ነፍታ፣ ምርጡን ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን ጨብጣ አጎረሰቻት። እናቷ አላምጣ አላምጣ፣ «ደረቀብኝ፤ እስኪ ምስራቅ ትጨብጥልኝ» አለች።

«በሶ እኔ ልማር እንግዲህ?»

«አትቆጪ። እሷ ለስለስ ታደርገዋለች፤ ጥርስ የለኝም እኮ።»

ምስራቅ ተጠርታ መጣች፣ ያንኑ በሶ በለብታ ውሃ አለስልሳ ጨበጠች፣ አሮጊቷ ጥርግ አድርጋ በላች። አዛለች ያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ እስከ ጎረቤላ ድረስ ከማንም አልተነጋገረችም። እሷ ዝም ካለች ነገር አለ ማለት ነው፤ ሾፌሩ ሳይቀር «ደህና ነሽ ወይ?» ብሏታል።

ባለፈው ቅዳሜ ስትሰናበት እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ስትመጪ ጥሩ ማር ያዢልኝ» አለቻት። አዛለች ደስታዋን አልቻለችውም። ይኸው፣ ምስራቅ የማትሰጣት ነገር ተገኘ! ሳምንቱን ሙሉ ቀፎ ያለው ቤት ስትዞር ከርማ፣ ነጭ ማር በጠርሙስ አስሞልታ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ይዛ ሄደች።

ክፍሉ ውስጥ የእናቷ የነፍስ አባት አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ምስራቅ የሥራ ልብሷን አውልቃ የታጠበ ቀሚስ ለብሳለች። አዛለች ክው አለች፤ እናቷ የሞተች መስሏት ነበር። እናቷ ግን አልጋዋ ላይ ተደግፋ እንደ ሙሽራ ተሸላልማለች።

«እንኳን ደረስሽ፤ አንቺን ነው የጠበቅነው» አሉ አባ። «እናትሽ ምስራቅን የጡት ልጅ ላድርጋት ብለዋል። እኔን እማኝ ሁኑ ብለው ነው ያስጠሩኝ። ማሩን አመጣሽ?»

ያገሩ ወግ ነው፤ አዛለችም ልጅ ሆና አይታዋለች። ያልወለደችውን ልጅ ማድረግ የፈለገች ሴት በጡቷ ፈንታ አውራ ጣቷን ማር ትነክራለች፣ ያኛዋ ትጠባለች፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ ናት፤ የሥጋ ልጅ ከምትባለው አትለይም። ለካ ማሩ ለዚህ ኖሯል! በገዛ እጇ፣ ከአንኮበር ድረስ ተሸክማ!

«ማሩን... ረሳሁት» አለች አዛለች። ጠርሙሱ ጉያዋ ውስጥ አለ።

 ማንም ሳይጠይቃት ፊቷን አዙራ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወጣች። ምስራቅ ተከትላት መጣች።

«እትዬ አዛለች፣ እኔ አልጠየቅኋቸውም። አይሆንም ብያቸዋለሁ።»

«እናት የለሽም እንዴ? ሰው በሰው እናት ላይ ምን ቆርጦት ነው የሚመጣው?»

«ነበረችኝ» አለች ምስራቅ። «ስንሸሽ መራመድ ስላልቻለች ጎረቤት ዘንድ ትተናት ወጣን። ስትሞት አልነበርኩም። ማን አጥቦ እንደገነዛት እንኳ አላውቅም። እናትዎን ሳጥብ እሷን የማጥብ ይመስለኛል። ካስቀየመዎት ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩኝ እጠይቃለሁ።»

አዛለች ልትሰድባት አፏን ከፍታ ነበር። ስድቡን ዋጠችው። አዘነችላት፤ ግን እውነቱን እንናገር፣ ቅናቱም ንቅንቅ አላለም። የእናቷን ደጅ መውደቅ አሰበች፤ ያን ቀን እሷም አልነበረችም። ምስራቅ ሌላ ክፍል ብትዛወር በሶውን ማን ይጨብጣል? ደግሞስ ያቺ አሮጊት ማንን ስቃ ትጠብቃለች?

«ነይ ግቢ» አለቻት በቁጣ። «ምን ታስለቅሺኛለሽ?»

ገብታ ጠርሙሱን ከጉያዋ አወጣችና የአልጋው ራስጌ ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው። አባ ወልደ ሰንበት ጠርሙሱንም እሷንም አይተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። የእናቷ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ አውራ ጣቷን ይዞ ማር የሚነክርላት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያንንም ያደረገችው አዛለች ናት። እጁ ቀለለባት። ይህ እጅ ነው አዝሎ ያሳደጋት፣ ገርፎ ያሳደጋት።

አባ አጭር ጸሎት አደረሱ። ለተጊዮርጊስ ማር የሚንጠባጠብ ጣቷን ወደ ፊት ዘረጋች። ዓይኗ አያይ፣ ወዴት እንደሆነም አታውቅ።

«ነይ ልጄ» አለች።

ምስራቅ ልትንበረከክ አንድ እግሯን አጠፈች። አዛለች ግን ቀደመቻት። ያቺ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ጎረቤላን በምላሷ የምታንቀጠቅጥ ሴትዮ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ የእናቷን አውራ ጣት አፏ ውስጥ ከተተች። አባ «ኧረ በስመ አብ!» አሉ። ምስራቅ ባለችበት ቀረች።

 አሮጊቷ ጣቷን አፉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አደረገች፤ ፍንጭቱ ዘንድ ስትደርስ አቆመች።

«አንቺ!» አለች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ። «አንቺማ ነክሰሽኝም ጠብተሽኝም አድገሽ የለም እንዴ! እኔ ካለፍኩ ማንን ልትጨቀጭቂ ነው ታዲያ? በይ ልቀቂ፣ ለእህትሽ ተይላት።»

አዛለች እንባዋም ማሩም አገጯ ላይ እየወረደ፣ ጣቱን ቶሎ አልለቀቀችም።